በደጉ ዓመት የተገባ ቃል

የአሜሪካ ግዛቶች የገቢ ግብርና የማይሞላው በጀታቸው

ከፌብሩዋሪ ጀምሮ እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ የሐበሻ ታክስ ቤቶች ሰው አያጡም። ወንበሩ ሞልቶ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው ብዙ ነው። አንዱ ከቀጣሪው የተላከለትን ደብልዩ ቱ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ የኡበር ሹፌሩ ግን 1099 ቅጹን ከዓመት ሙሉ የቤንዚንና የጎማ ደረሰኝ ጋር በፌስታል ጠቅልሎ ነው የሚቀርበው። ሒሳብ ሠሪው መጀመሪያ የፌዴራሉን ይሠራል፤ ተመላሹ ስንት እንደሆነ ሲነገር የሰው ፊት ይፈታል። ቀጥሎ የስቴቱ ይመጣና «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ግን ትንሽ ይከፍላሉ» ሲባል ጨዋታው ይቀየራል። «ዳላስ ያለው ወንድሜ እኮ ይቺን አያውቃትም» ይላል አንዱ። «ቬጋስም የለም» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ፍሎሪዳን ይጨምራል። ጓዙን ጠቅልሎ የሚሄደው ጥቂት ቢሆንም፣ ለመሄድ የዛተ ሰው ያልተሰማበት የታክስ ወቅት የለም።

ወሬው ውሸት የለበትም። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ኔቫዳ፣ ቴነሲ፣ ዋዮሚንግ፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ ኒው ሃምፕሽርና አላስካ ከደመወዝ ላይ የግዛት ግብር አይቆርጡም። በሌላው ጫፍ ካሊፎርኒያ ከትልልቅ ባለገቢዎቿ እስከ 13.3 በመቶ ትወስዳለች። ነገር ግን የሰፈር ወሬውም ሆነ የፖለቲከኞች ክርክር «ስንት በመቶ?» ከሚለው ጥያቄ አይዘልም። የአሜሪካ ግዛቶችን ካዝና ደጋግሞ ባዶ ያደረገው ግን የመቶኛው ከፍታ ወይም ዝቅታ አይመስለኝም። ገንዘብ በተትረፈረፈበት ዓመት፣ ትርፉ ነገም የሚኖር ይመስል የተገባ የማይሻር ቃል ነው። ቃሉ አንዳንዴ «ግብር እንቀንሳለን» ይላል፤ አንዳንዴ «አዲስ አገልግሎት እንጀምራለን» ይላል። ቀኙም ግራውም በዚህ ይመሳሰላሉ።

### ገንዘብ የማያትም መንግሥት

አሜሪካ ውስጥ ሁለት መንግሥት ከአንድ ደመወዝ ይቆርጣል። የፌዴራሉ መንግሥት በየዓመቱ ሲጎድልበት ይበደራል፤ ዶላሩም የራሱ ነው። ግዛት ግን ገንዘብ አያትምም። ከቬርሞንት በስተቀር ሁሉም በሕገ መንግሥታቸው ወይም በሌላ ሕግ ገቢና ወጪያቸውን እንዲያመጣጥኑ ይገደዳሉ። ለድልድይና ለሕንፃ ቦንድ ሸጠው ይበደራሉ እንጂ፣ ለመምህራን ደመወዝ ዓመት እየቆጠሩ መበደር በአብዛኛው አይፈቀድላቸውም። የ46ቱ ግዛቶች የበጀት ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው፤ ከእኛው ሐምሌ 1 የሚቀድመው በአንድ ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ ሜይና ጁን በየግዛቱ ዋና ከተማ እንቅልፍ የሚታጣባቸው ወራት ናቸው።

በጀቱ የሚቆመው ደግሞ በግምት ላይ ነው። በካንሳስ ለምሳሌ የመንግሥት የበጀትና የገቢ ባለሙያዎች ከዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስቶች ጋር በኖቬምበርና በኤፕሪል ይቀመጡና የመጪውን ጊዜ ገቢ ይተነብያሉ። ከተስማሙበት ቁጥር ተነስቶ ትምህርት ቤቱም፣ ወህኒ ቤቱም፣ መንገዱም ድርሻውን ያገኛል። ቁጥሩ አንዴ ሕግ ውስጥ ከገባ በኋላ ግምት እንደነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

የገቢ ግብር ራሱ የተወለደው ከበጀት ችግር ነው። ዊስኮንሲን በ1911 ዘመናዊውን የግዛት የገቢ ግብር ስትጀምር፣ የፌዴራሉ መንግሥት ገና ይህን ሥልጣን የሚሰጠውን የ1913ቱን 16ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አላገኘም ነበር። እስከዚያ ድረስ ግዛቶች በዋናነት የሚኖሩት በንብረት ግብር ነበር። ሸክሙ መሬቱን መደበቅ በማይችለው ገበሬ ላይ ይወድቃል፤ ሀብቱ በአክሲዮንና በደመወዝ የሆነው የከተማ ሰው በቀላሉ ያመልጣል። በ1930ዎቹ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ገበሬው የንብረት ግብሩን መክፈል አቃተውና ብዙ ግዛቶች ተከታትለው ወደ ገቢ ግብር ዞሩ፤ ካንሳስ በ1933፣ ካሊፎርኒያ በ1935።

የግዛት ገንዘብ ከሁሉ በላይ የሚሄደው ወደ ትምህርት ቤትና ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች ሕክምና ወደሚከፍለው ሜዲኬድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው፣ ወህኒ ቤቱና መንገዱ ይከተላሉ። ኢኮኖሚው ሲታመም ገቢው ይቀንሳል፤ ሥራ ያጣው ሰው ደግሞ በዚያው ሰሞን ሜዲኬድ ይመዘገባል። ወጪው የሚያብጠው ገቢው በሚሟሽሽበት ወር ነው ማለት ነው።

### የካንሳስ ሙከራ

ካንሳስ ስንዴና ከብት የምታመርት፣ በጥንቃቄዋ የምትታወቅ መካከለኛ ግዛት ናት። በ2010 ገዥ ሆኖ የተመረጠው ሪፐብሊካኑ ሳም ብራውንባክ በሜይ 2012 የፈረመው ሕግ ግን ጥንቃቄ አልነበረበትም። ከፍተኛው የገቢ ግብር ከ6.45 ወደ 4.9 በመቶ ወረደ። ከዚያ የሚበልጠው ሁለተኛው አንቀጽ ነው፤ በኩባንያ ደረጃ ሳይሆን በባለቤቱ በኩል ግብር የሚከፈልበት የንግድ ገቢ በሙሉ ከግዛቱ ግብር ነፃ ሆነ። ከእርሻ ባለቤት እስከ ጠበቃ፣ ከሱቅ እስከ አማካሪ፣ ብዙው የንግድ ሰው በዚህ ይካተታል። አማካሪ ሆኖ የመጣው ኢኮኖሚስቱ አርተር ላፈር ነበር፤ ግብር ሲቀንስ ሥራ ይስፋፋል፣ ገቢውም ይካካሳል የሚለው አስተሳሰብ የሚጠራው በእሱ ስም ነው።

ሕጉ በወረቀት ላይ ሥራ ፈጣሪውን ያበረታታል። በተግባር ግን ለሒሳብ ሠሪዎች የከፈተው በር ሌላ ነው። ትናንት በደመወዝ የሚሠራ ባለሙያ ዛሬ አነስተኛ ኩባንያ አቋቁሞ ያንኑ ሥራ ለዚያው ቀጣሪ በውል ሲሠራ፣ የግዛት ግብሩ ዜሮ ይሆናል። ወንበሩም ጠረጴዛውም አልተቀየረም፤ የተቀየረው የክፍያ ወረቀቱ ነው። ነፃ መሆኑን ይጠቀማሉ ተብሎ የታሰበው 191,000 ገደማ ነበር፤ የተጠቀሙት ግን ወደ 330,000 ደረሱ። በዚያው ቢሮ አጠገቡ ተቀምጣ በደመወዝ የምትሠራው ጸሐፊ ግብሯን መክፈሏን ቀጠለች።

> ወንበሩም ጠረጴዛውም አልተቀየረም፤ የተቀየረው የክፍያ ወረቀቱ ነው።

በ2014 የበጀት ዓመት የግዛቱ ገቢ በ700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቀነሰ፤ አጠቃላይ በጀቱ 6 ቢሊዮን አካባቢ ለሆነ ግዛት ይህ ትልቅ ቀዳዳ ነው። መጠባበቂያው አለቀ። ለመንገድ የተመደበው ወደ ዕለት ወጪ ዞረ፤ ለሠራተኞች ጡረታ የሚገባው መዋጮ ዘገየ፤ የብድር ደረጃው ወረደ። በ2015 የሽያጭ ታክሱ ከ6.15 ወደ 6.5 በመቶ ከፍ ሲል ዳቦና ወተትም አልተረፉም፤ የሲጋራው ታክስም ጨመረ። በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት አንዳንድ የትምህርት ወረዳዎች ገንዘብ አጥተው ከቀኑ ቀድመው ተዘጉ። በማርች 2017 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለትምህርት የተመደበው ገንዘብ ሕገ መንግሥቱ ከሚጠይቀው በታች ነው ሲል ፈረደ።

መጨረሻው የመጣው ጁን 6 ቀን 2017 ማታ በዋና ከተማዋ በቶፒካ ነው። ምክር ቤቱ ግብሩን መልሶ ከፍ የሚያደርግና የንግድ ገቢውን ነፃነት የሚሽር ሕግ አውጥቶ፣ ገዥው ውድቅ አድርጎት ነበር። ያን ምሽት ሴኔቱ በ27 ለ13፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ በ88 ለ31 ድምፅ የገዥውን ውሳኔ ሻሩት። ሁለቱንም ምክር ቤቶች በብዙኃን የሚመሩት የገዥው የራሱ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሙከራውን ያስቆሙት ግብር መጨመር የሚወዱ ሰዎች አልነበሩምና።

የሙከራው ደጋፊዎች መልስ አላቸው። የነዳጅና የእህል ዋጋ በዚያው ሰሞን ወደቀ፣ ምክር ቤቱ ወጪውን አብሮ አልቆረጠም ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ሆኖም የስንዴ ዋጋ እንደሚወጣና እንደሚወርድ በካንሳስ የማያውቅ ገበሬ የለም፤ ዋጋው ጥሩ በሆነበት ዓመት ብቻ የሚቆም የግብር ሕግ ከመጀመሪያውም አልቆመም። ወጪው አብሮ ይቆረጥ ቢባልም፣ የሚቆረጠው ትምህርት ቤት መሆኑን መራጩ ሲያይ ቆራጮቹን ነው የቀጣው።

### በአክሲዮን ገበያ የሚተነፍስ ካዝና

ካሊፎርኒያ በሁሉም ነገር የካንሳስ ተቃራኒ ናት፤ ውድቀቷ ግን ይመሳሰላል። ግብሯ ከሀብታም ብዙ እንዲወስድ ሆኖ የተሠራ ነው። ከገቢ ግብሩ እንደ ዓመቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን የሚከፍሉት ከመቶ አንዱ ባለጸጎች ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ገቢ ደግሞ ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ብዙው ከአክሲዮን ሽያጭ የሚገኝ ትርፍ ነው። ገበያው ሲያድግ ዋና ከተማዋ ሳክራሜንቶ ባልጠበቀችው ገንዘብ ትጥለቀለቃለች፤ ገበያው ሲወርድ ያ ገንዘብ በአንድ ኤፕሪል ይጠፋል።

በ2009 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በጁላይ ወር የግዛቱ ካዝና ነጥፎ፣ ግብር ተርፏቸው ተመላሽ የሚጠብቁ ነዋሪዎች በቼክ ፋንታ የዕዳ ወረቀት ደረሳቸው፤ ግዛቱ በ3.75 በመቶ ወለድ በኋላ እከፍላለሁ የሚል። ትልልቆቹ ባንኮች ጥቂት ቀን ተቀብለው አቆሙ። በዓለም ከታላላቆቹ ኢኮኖሚዎች አንዱን የያዘ ግዛት የራሱን ነዋሪ «ቆይ፣ እሰጥሃለሁ» አለው ማለት ነው። ወረቀቱ የተከፈለው በሴፕቴምበር ነው።

ከዚያ ትምህርት ተወስዷል። በ2014 በገዥው ጄሪ ብራውን ዘመን መራጩ ያጸደቀው ሕግ በአክሲዮን ትርፍ ላይ ከሚሰበሰበው ግብር የተትረፈረፈውን በከፊል ወደ መጠባበቂያ እንዲገባ አስገደደ። ይህ መጠባበቂያ በኋላ ብዙ አዳነ፤ ግን ሁሉን አላዳነም። በ2022 ግዛቱ ወደ 100 ቢሊዮን የሚጠጋ ትርፍ አወጀ፤ ለነዋሪው በቀጥታ ገንዘብ ተላከ፤ አዳዲስ ፕሮግራሞችም ተጀመሩ። በ2023 በክረምቱ ማዕበል ሳቢያ የግብር ማስታወቂያው ቀን ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር ተራዘመ። ምክር ቤቱ የጁኑን በጀት ያጸደቀው ገቢውን ሳያይ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ የምክር ቤቱ ተንታኞች 68 ቢሊዮን ዶላር ጉድለት መኖሩን አስታወቁ።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ከባድ ነው። የገቢ ግብር ይህን ያህል የሚዋዥቅ ከሆነ ለምን በሽያጭ ታክስ አይተካም? ሰው አክሲዮን ባይሸጥም ሳሙና መግዛቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የሽያጭ ታክስ ይረጋጋል ይባላል። በመጠኑ እውነት ነው። ግን ኔቫዳን ይመልከቱ። በማርች 2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ሳቢያ በላስ ቬጋስ ካሲኖዎቹ ለ78 ቀናት ሲዘጉ፣ የገቢ ግብር የሌላት ግዛት በቁማርና በእንግዳ ገንዘብ ላይ የቆመው ገቢዋ ተናደ፤ በጁላይ ምክር ቤቱ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ቀዳዳ ለመድፈን በልዩ ስብሰባ ተጠራ። ከተቆረጡት አንዱ ሜዲኬድ ነበር፤ የሆቴል ሠራተኛው ሥራ ባጣበት ሰሞን። መዋዠቅ የገቢ ግብር ብቻ ጠባይ አይደለም፤ በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ቤት ሁሉ ጠባይ ነው።

### ስቴት ታክስ በሌለበት የሚመጣው ደብዳቤ

አሁን ወደ ዳላሱ ወንድም እንሂድ። ቴክሳስ በ2019 በሕዝብ ድምፅ የገቢ ግብርን በሕገ መንግሥቷ ከልክላለች፤ ያለዚህ ግብርም እያደገች ነው። በ2023 መጀመሪያ 32.7 ቢሊዮን ዶላር ተርፏት ነበር። «ይኸው፣ ያለ ገቢ ግብር ይቻላል» የሚለው ሰው በዚህ ላይ ቢመካ አይፈረድበትም። ያልተነገረው፣ ከመሬቷ ሥር ነዳጅና ጋዝ መኖሩ፣ መጠባበቂያዋ የሚሞላውም ከዚያ በሚሰበሰበው ታክስ መሆኑ ነው። አላስካም በ1980 የገቢ ግብሯን የሻረችው በነዳጅ ገንዘብ ተማምና ነው። ካንሳስ ግብሯን ስትቀንስ ተመሳሳይ ትራስ አልነበራትም።

ቤት ለገዛ የቴክሳስ ነዋሪ ደግሞ ሌላ ወቅት አለ። በጸደይ ከካውንቲው የግምት ቢሮ ደብዳቤ ይመጣል፤ ቤቱ ዘንድሮ ስንት ያወጣል ተብሎ እንደተገመተ የሚነግር። ግምቱ በዛብኝ የሚል በአብዛኛው እስከ ሜይ 15 ተቃውሞውን ማስገባት አለበት። በመኸር የንብረት ግብሩ ቢል ይከተላል፤ የመክፈያው መጨረሻ ጃንዋሪ 31 ነው። የትምህርት ቤቱን ገንዘብ በብዛት የሚያመጣው ይኸው ግብር ነው፤ በመላ አገሪቱም ከከባዶቹ ይመደባል። ሱቅ ሲገባ የሽያጭ ታክሱ 8.25 በመቶ ድረስ ይሄዳል። ተከራዩ ደብዳቤው አይደርሰውም፤ ባለቤቱ በኪራዩ ውስጥ ይጨምርበታል። ቴክሳስ ሜዲኬድን ካላስፋፉት ጥቂት ግዛቶች አንዷ ስለሆነች ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ጤነኛ ጎልማሳ ኢንሹራንሱን ከኪሱ ይፈልጋል።

ለማን ይሻላል ከተባለ መልሱ እንደ ገቢው ነው። የግዛት ግብሮችን በገቢ ደረጃ የሚያነጻጽረው የዋሽንግተኑ የግብርና የኢኮኖሚ ፖሊሲ ተቋም በ2024 ባወጣው ጥናት ከድሃ በገቢው መጠን አብልጠው የሚወስዱ ብሎ በአንደኝነት ያስቀመጣት ፍሎሪዳን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሽያጭ ታክስ ደመወዙን በሙሉ ለሚበላው ሰው የደመወዙ ሁሉ ታክስ ነው፣ ግማሹን ለሚያስቀምጠው የግማሹ። ጥሩ ደመወዝ ያለው ነርስ ወይም ኢንጂነር ወደ ቴክሳስ ቢሄድ ሊያተርፍ ይችላል። በሰዓት ተከፍሎ፣ አምስት ቤተሰብ ይዞ፣ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ግን በሜሪላንድ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠውን የግብር ተመላሽ ትቶ እንደሚሄድ ልብ አይለውም።

ሀብታም ይሸሻል የሚለው ስጋትስ? መሠረት የለሽ አይደለም። ካሊፎርኒያ በ2012 ግብሯን ከፍ ካደረገች በኋላ የተሠራ ጥናት ከከፍተኛ ባለገቢዎች ጥቂቱ መውጣቱን፣ የቀሩትም ያስታወቁት ገቢ መቀነሱን አሳይቷል። በመላ አገሪቱ የግብር መዝገብ ላይ የተሠራው ጥናት ግን ሚሊየነሮች ከሌላው ሕዝብ ያነሰ እንደሚሰደዱ አግኝቷል፤ ንግዳቸው፣ ደንበኛቸው፣ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይዘዋቸዋል። ማሳቹሴትስ በ2022 ከሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ገቢ ላይ 4 በመቶ ስትጨምር፣ የመጀመሪያው ሙሉ ዓመት ገቢ ከታሰበው በእጅጉ በለጠ። ስጋቱ እንግዲህ እውነት የሚሆነው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ግዛት የሚያፈርስ አይደለም።

### ወረርሽኙ የሸፈነው ጉድጓድ

በዚያው ወረርሽኝ ሳቢያ በ2021 ኮንግረስ ለግዛቶችና ለአካባቢ መንግሥታት 350 ቢሊዮን ዶላር ላከ፤ የአክሲዮን ገበያውም አበበ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግዛቶች በ2021 እና በ2023 መካከል የገቢ ግብራቸውን ቀነሱ። ሌሎቹ በዚያው ገንዘብ ላይ ወጪ ገነቡ። ሜሪላንድ ከሁለተኞቹ ናት። በ2021 ሕግ የሆነው ትልቁ የትምህርት ዕቅዷ ለዓመታት እያደገ የሚሄድ ወጪ አለው፤ ዕቅዱ መልካም ነው፣ ዘላቂ የገቢ ምንጭ ግን አብሮት አልተወለደም። የፌዴራሉ ገንዘብ ሲያልቅ በ2025 ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጉድለት ታየ፤ የዋሽንግተን የሠራተኛ ቅነሳም የፌዴራል ሠራተኛ የበዛባትን ግዛት መታ። ከ500,000 ዶላርና ከ1 ሚሊዮን በላይ ለሚያገኙ አዲስ የግብር እርከን ተጨመረ፤ በዳታና በአይቲ አገልግሎት ላይ 3 በመቶ ታክስ ተጣለ፤ መኪና ሲገዛ የሚከፈለውም ወደ 6.5 በመቶ ከፍ አለ። ይኸኛው የሚሊየነር ጉዳይ አይደለም፤ ያረጀ መኪናውን የሚቀይረው የኡበር ሹፌርም ይከፍለዋል። በሜይ 2025 የብድር ደረጃ የሚያወጣው ሙዲስ ለአሥርት ዓመታት የቆየውን የግዛቱን ምርጥ የብድር ደረጃ ዝቅ አደረገው።

ከዋሽንግተንም የሚመጣው ማዳን አይመስልም። በጁላይ 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት ለሜዲኬድ የሚያወጣውን ይቀንሳል፤ ከምግብ ዕርዳታ የአስተዳደር ወጪ ግዛቶች የሚሸከሙትን ድርሻ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ከ50 ወደ 75 በመቶ ያወጣል።

ይህ ሁሉ እየመጣ ሳለ ሚሲሲፒ በማርች 2025 የገቢ ግብሯን ቀስ በቀስ እስከ መጥፋት የሚያደርስ ሕግ አጸደቀች። የሴኔቱ ሐሳብ ግብሩ ወደፊት የሚቀነሰው ትርፉ የቅነሳውን ወጪ 85 በመቶ ሲሸፍን ብቻ ይሁን የሚል ነበር። ረቂቁ ላይ የነጥቧ ቦታ ተሳስቶ 0.85 በመቶ ተብሎ ተጻፈ። ሴኔተሮቹ ሳያዩት ድምፅ ሰጡ፤ ግብሩ ቶሎ እንዲጠፋ የሚፈልገው የተወካዮች ምክር ቤት አየና ሳይነካው አጸደቀው፤ ገዥውም ፈረመው። ጥንቃቄ ተብሎ የገባው አንቀጽ በአንዲት ነጥብ ጥንቃቄ አልባ ሆነ።

ካንሳስስ? በኤፕሪል 2025 ምክር ቤቷ የዴሞክራቷን ገዥ የሎራ ኬሊን ተቃውሞ ሽሮ፣ ገቢ ሲያድግ ግብሩ ደረጃ በደረጃ ወደ 4 በመቶ እንዲወርድ የሚያዝ ሕግ አጽንቷል። በ2012 ከወረደበት ከ4.9 እንኳ ያነሰ ነው። አንድ ልዩነት አለ፤ የአሁኑ ቅነሳ ከመጠባበቂያው ሁኔታ ጋር ተያይዟል፣ ካዝናው ከሳሳ ይቆማል። ከአምስት ዓመት መከራ የተረፈው ትምህርት ይህ አንቀጽ ነው። አንቀጹ ግን እንደማንኛውም አንቀጽ በቀላል የድምፅ ብልጫ ይሻራል፤ የሚሻርበትም ቀን ገንዘብ የተትረፈረፈበት ቀን ይሆናል።